«ቃሉን ሁሉ ቀይሬዋለሁ፤ ታዲያ ለምን ኩረጃ ተባለ?»

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ተወልጄ ያደግሁት ሐረር ጀጎል ነው። አሁን ድሬዳዋ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ የመጨረሻ ዓመት። የመመረቂያ ጽሑፌ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች የሱቅ ሰሌዳዎች ላይ ስለሚታዩ ቋንቋዎች ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ለአድቫይዘሬ ሰጥቼ ነበር። ሲመልሱልኝ ሲሚላሪቲው፣ ማለትም ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ያለው መመሳሰል፣ 46 በመቶ መሆኑን ጽፈው፣ ከሥሩ ‹ይህ ያንቺ ጽሑፍ አይደለም› ብለው አስምረውበታል። እኔ ግን ወላሂ ኮፒ ፔስት አላደረግሁም። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ቀይሬዋለሁ። አንዷ ጓደኛዬ ቃል የሚቀያይር ፕሮግራም ተጠቀሚ ትለኛለች። ሌላው ‹አቦ፣ ኮምፒውተር ቤት ከፍለሽ አታሠሪም ወይ?› ይለኛል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ እንደነሱ አሳምሬ መጻፍ አልችልም። አድቫይዘሬን ማየት አፍሬያለሁ። ምን ላድርግ? ደግሞስ በአማርኛ የተጻፈ ነገር በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ መጥቀስ ይቻላል? ነ. ከለገሃሬ።»

መልስ፦

ነ. እህቴ፣ አንቺ ሌባ አይደለሽም። አማካሪሽም አልተሳሳቱም። ሊሰርቅ የተነሳ ሰው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ቃል አይቀያይርም፤ ገልብጦ ይተኛል። አንቺ ለፍተሻል። ልፋትሽ ያረፈው ግን ሌላ ሰው በሠራው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው።

ርቤካ ሙር ሃዋርድ የተባሉ አሜሪካዊት የጽሑፍ ምሁር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1990ዎቹ፣ አንቺ ያደረግሽውን ነገር «ፓችራይቲንግ» ብለው ጠሩት። የምንጩን ዐረፍተ ነገር ከፊት ዘርግቶ ጥቂት ቃል መሰረዝ፣ ሰዋስዉን ትንሽ ማዛወር፣ በቀረው ቃል ቦታ ተመሳሳዩን መተካት ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ተማሪ ብዙ ጊዜ አታላይ ሳይሆን ገና ካልገባው ጽሑፍ ጋር የሚታገል ሰው ነው ብለው ተከራክረዋል። እኔም እስማማለሁ። ሆኖም እዚያው መቆየት አይቻልም። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከኩረጃ ይቆጥሩታል፤ በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው።

በአማርኛ ላሳይሽ፤ አሠራሩ በእንግሊዝኛም ያው ነው። ለምሳሌ ያህል እኔ የሠራሁትን ይህን ዐረፍተ ነገር አንድ ጽሑፍ ላይ አነበብሽው እንበል፦

«በአንድ ከተማ የሱቅ ሰሌዳዎች ላይ የሚታየው ቋንቋ ነዋሪዎቹ የሚናገሩትን ቋንቋ ሁልጊዜ አያንጸባርቅም፤ ብዙ ጊዜ የሚያንጸባርቀው ነጋዴው ሊስበው የሚፈልገውን ደንበኛ ነው።»

አንቺ ሌሊቱን ስትሠሪ ያደርሽው ይህን ይመስላል፦

«በአንድ ከተማ የመደብር ማስታወቂያዎች ላይ የሚገኘው ቋንቋ ሕዝቡ የሚጠቀምበትን ቋንቋ ዘወትር አያሳይም፤ በአብዛኛው የሚያሳየው ነጋዴው ሊያመጣው የሚሻውን ገዢ ነው።»

ቃሉ ተቀይሯል። ሐሳቡ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው አገጣጠም፣ በዚያው ቦታ ተቀምጧል። የጸሐፊው ስምም የለም። ስሙን ብታስገቢበት እንኳ ችግሩ አይፈታም፤ ሐሳቡን እንደወሰድሽ ትናገሪያለሽ እንጂ ዐረፍተ ነገሩንም እንደወሰድሽ አትናገሪም። አሁን ደግሞ ይህን እዪ፦

«ነጋዴ ሰሌዳ ሲያጽፍ በዓይነ ሕሊናው ያለው ገዢው ነው ይላሉ እገሌ (2010)። እንዲህ ከሆነ፣ ሰሌዳ ብቻ ቆጥሮ የአንድን ሰፈር ሰው ቋንቋ መገመት ያሳስታል። ስለዚህ በዚህ ጥናት ሰሌዳዎቹን ከመቁጠር በተጨማሪ ባለሱቆቹን ለምን በዚያ ቋንቋ እንዳጻፉ ጠይቄያለሁ።»

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የእሳቸው ሐሳብ ነው፤ ስማቸው አለ። ሁለተኛው አንቺ ከዚያ የደረስሽበት ነው። ሦስተኛው የአንቺ ሥራ ነው። አንባቢው የማን ድምፅ የት ጋ እንዳለቀ ያውቃል። አማካሪሽ ያጡት ይህን ነው። በሁለት ምዕራፍ ውስጥ አንቺን ፈልገው አላገኙሽም።

ለምን እዚህ እንደደረስሽ ይገባኛል። እኛ አገር የአብዛኛው ልጅ ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጦ፣ ሸምድዶ፣ በፈተና እንዳለ መመለስ ነው። በመምህሩ ቃል የመለሰ ጎበዝ ይባላል። ድሬ ላይ አንዱ ልጅ በአማርኛ፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በሶማልኛ ሲማር ቆይቶ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ምርጫ ማጥቆር ነው። አንድ ሙሉ ገጽ የራሱን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ጽፎ የማያውቅ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቴሲስ ጻፍ ይባላል። ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም። መማር ያለብሽ ግን አሁን ነው፣ ማንም ሌላ ሰው አይማርልሽም።

አንዳንድ ሰው «ምንጭ መጥቀስ የፈረንጅ ነገር ነው» ሲል እሰማለሁ። ይህን አልቀበልም። አንቺ ያደግሽው ጀጎል ነው። ሐዲስ ሲነገር እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ፤ እገሌ ከእገሌ ሰምቶ፣ እገሌም ከእገሌ ሰምቶ ተብሎ ሰንሰለቱ ይቆጠራል። ኢስናዱን፣ ማለትም ይህን ሰንሰለት፣ ያላወቁለትን ንግግር ዑለማዎቹ ዝም ብለው አይቀበሉም፤ በመካከል ያለው አስተላላፊ ታማኝ መሆን አለመሆኑ ሳይቀር ይመረመራል። አካዳሚክ ጽሑፍም የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው፦ ከማን ሰማሽ? እሱስ ከማን ሰማ?

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ነው። በአንቺ ርዕስ ላይ ሁሉም የሚጠራው የላንድሪና የቡርሂስ የ1997 (እንደ ፈረንጆቹ) ጽሑፍ ነው። የመንገድ ምልክቱን፣ ማስታወቂያውን፣ የቦታና የመንገድ ስሙን፣ የሱቅ ሰሌዳውን፣ የመንግሥት ሕንፃ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንድ ላይ አድርገው የከተማ የቋንቋ ገጽታ ያሉበት ትርጓሜ ዛሬም ይጠቀሳል። አንቺ የእነሱን ጽሑፍ ራሱን አንብበሻል? ወይስ ከሌላ ሰው ቴሲስ ነው ያገኘሽው? ከቴሲሱ ከሆነ «ላንድሪና ቡርሂስ (1997)» ብለሽ ብቻ ብትጽፊ ያላነበብሽውን አነበብኩ ማለትሽ ነው። ያነበብሽውን ሰው ስም ጨምሪ፤ በእንግሊዝኛ «አዝ ሳይትድ ኢን» የሚባለው ለዚህ ነው። ከዚህ የሚሻለው ግን ዋናውን ፈልጎ ማንበብ ነው። የቴሲሱ ባለቤት ተሳስቶ ከሆነ አንቺም ስህተቱን ትወርሻለሽ።

እንዲህ ያለውን ታዋቂ ትርጓሜ በራሴ ቃል ካላስቀመጥኩ ብለሽ አትጨነቂ። ትርጓሜ ሲሆን እያንዳንዱ ቃል ሚዛን አለው። በትምህርተ ጥቅስ አስገቢው፤ ደራሲውን፣ ዓመቱንና ገጹን ጻፊ። በእኛም ሕግ፣ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ምንጩና የደራሲው ስም እስከተገለጸ ድረስ መጥቀስ የተፈቀደ ነው። ብቻ ጥቅሱ አይብዛ። አንድ ገጽ ላይ አራት ጥቅስ ካለ ገጹ የአንቺ መሆኑ ቀርቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስትጽፊ የጀመርሽው ከኢንተርኔት ነው ብዬ እገምታለሁ። ብዙ ፒዲኤፍ ከፍተሽ፣ ከዚህ አንድ አንቀጽ፣ ከዚያ አንድ አንቀጽ ወስደሽ፣ ከዚያ ቃል መቀየር ጀመርሽ። በዚህ መንገድ የተጀመረ ጽሑፍ ምንም ቢታሽ የራስ አይሆንም። ከሌላው ጫፍ ጀምሪ።

ሌላው ጫፍ ያንቺ ዓይን ነው። በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሁለት ሰፈሮች ተመላልሰሽ አይተሻል። ቀፊራ ገበያ አካባቢ ምን ቋንቋ በዛ? ከዚራ ላይስ? አረብኛ የት ጋ ታየሽ? በድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ የቀረው ፈረንሳይኛ ዛሬ ለማን ነው የሚነበበው? አፋን ኦሮሞው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛው በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲሆኑ የትኛው ከላይ፣ የትኛው በትልቁ ተጻፈ? ፎቶ አንስተሻል፣ ማስታወሻ ይዘሻል መሰለኝ። ይህን ማንም ፒዲኤፍ ውስጥ አታገኚውም። በዓለም ላይ ይህን የያዝሽ አንቺ ነሽ። ምንም ምንጭ ሳትከፍቺ ያየሽውን ጻፊ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይሁን። አማርኛ ወይም ሐረሪኛ ጣልቃ ይግባበት፣ ግድ የለም። ያ ጽሑፍ የጥናትሽ አጥንት ነው።

ከዚያ ወደ ሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ስትሄጂ ጥያቄ ይዘሽ ትሄጃለሽ። «ሌላ ከተማ ላይ ያጠና ሰው እኔ ያየሁትን አይቷል? ለምን ነው ይላል?» ብለሽ የምታነቢው ጽሑፍና ገጽ ለመሙላት የምታነቢው ጽሑፍ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ስትጨርሺ አስተያየት ይኖርሻል፤ «እዚህ ላይ ልክ ነው፣ መጋላ ላይ ግን እንዲህ አይደለም» ትያለሽ። ሊትሬቸር ሪቪው የሚባለው ይህ ነው። ሰዎቹን በየተራ ማሰለፍ ሳይሆን ከእነሱ ጋር መነጋገር ነው።

ስታነቢ እንዲህ አድርጊ። አንድ ክፍል አንብቢና ኮምፒውተሩን ዝጊው፤ ስልክ ከሆነም ገልብጠሽ አስቀምጪው። ከዚያ ለዶርም ጓደኛሽ በምትግባቡበት ቋንቋ ንገሪያት። አማርኛም፣ ሐረሪኛም፣ ኦሮምኛም ይሁን። መናገር ካቃተሽ አልገባሽም ማለት ነውና ተመልሰሽ አንብቢ። መናገር ከቻልሽ የተናገርሽውን በዚያው ቋንቋ በሁለት መስመር ማስታወሻ ያዢ፤ ከአጠገቡ የደራሲውን ስም፣ ዓመቱንና ገጹን። እንግሊዝኛውን የምትጽፊው ከዚህ ማስታወሻ ነው። ብዙ ቋንቋ ማወቅሽ እዚህ ላይ ከሌላው ተማሪ ያስቀድምሻል፤ ሐሳቡ በሌላ ቋንቋ አልፎ ሲመለስ የምንጩ አገጣጠም አብሮ አይመለስም። ከጻፍሽ በኋላ ምንጩን ክፈቺና አስተያዪ፤ ትርጉሙ እንዳልተጣመመ፣ ሳታውቂ የቀረ የሰውየው ሐረግ እንደሌለ እዪ። ቃል በቃል የወሰድሽው ነገር ካለ ገና ማስታወሻ ላይ ሳለ በትምህርተ ጥቅስ እሰሪው። ከወር በኋላ የማን እንደነበር አታስታውሺም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከአማርኛ ወይም ከሌላ ቋንቋ ተርጉሞ ስም አለመጥራትም ኩረጃ ነው። ሶፍትዌሩ ላያገኘው ይችላል። መምህሩ ግን ያገኘዋል፤ ባያገኘውም ሐሳቡ የሰው ነው።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው» ስላልሽው። አካዳሚክ ጽሑፍ ከባድ ቃል አይጠይቅም። አጭር ዐረፍተ ነገር ጻፊ። በአንድ አንቀጽ አንድ ነገር ተናገሪ፤ ነገሩን መጀመሪያ ላይ አስቀምጪው፣ ማስረጃሽን አምጪ፣ ማስረጃው ምን ማለት እንደሆነ ንገሪ። ብዙዎቻችን በወሬ ላይ ዙረን ዙረን ነው ፍሬ ነገሩ ላይ የምንደርሰው፤ በእንግሊዝኛ አካዳሚክ ጽሑፍ አንባቢው ከፊት ይጠብቀዋል። የጸሐፊውን ንግግር የምታስተዋውቂበትን ግሥ ደግሞ ምረጪ። «ፕሩቭ» ማለት አረጋገጠ ነው፤ «ሰጀስት» ግን ጠቆመ። በሃያ ሱቅ ላይ የተሠራ ጥናት ጠቁሞ ይሆናል እንጂ አላረጋገጠም። ስለራስሽ ግኝትም ስትጽፊ ልኩን አትለፊ።

ማገናኛ ሐረግ ካጠረሽ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው «አካዳሚክ ፍሬዝባንክ» አለ፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። «የዚህ ጥናት ዓላማ … ነው»፣ «ከዚህ በተቃራኒ … ይላሉ» ዓይነት አባባሎች በእንግሊዝኛ ተሰብስበውበታል። እንዲህ ያሉት የማንም የግል ንብረት ስላልሆኑ መጠቀም ኩረጃ አይደለም። ድሬዳዋ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳለች፣ ባቡሩ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ እዚህ እንደደረሰ ለመጻፍም የአንድ ሰው ስም መጥራት ግድ አይልሽም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ባቡሩ ሐረርን ትቶ በቆላው ማለፉ የሐረርን ንግድ እንዲህ ጎዳ፣ እንዲህ ለወጠ የሚል ትንታኔ ስትወስጂ ግን ትንታኔው የሰው ነው፤ ስሙን ጥሪ።

46 በመቶው ላይ ብዙ አልቆይም። እንደ ተርንኢቲን ያለ ሶፍትዌር ሌብነት አይለካም። የሚለካው ተመሳሳይ የሆነ የቃላት ተርታን ነው። የሪፈረንስ ዝርዝርሽን፣ በትምህርተ ጥቅስ ያለውን፣ የተለመዱ ሐረጎችን ሁሉ ሊቆጥር ይችላል። 20 በመቶ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ 5 በመቶ ደግሞ አንድ ሙሉ የተሰረቀ አንቀጽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ለማውረድ አትጻፊ። ሪፖርቱን አማካሪሽን ጠይቂና ቀለም የተቀባውን ቦታ አንድ በአንድ እዪው፤ የትኛው ጥቅስ፣ የትኛው የተለመደ ሐረግ፣ የትኛው ደግሞ የሌሊቱ ሥራ እንደሆነ ትለዪዋለሽ።

የጓደኞችሽን ምክር አትስሚ። ቃል የሚቀያይረው ፕሮግራም አንቺ በእጅሽ የሠራሽውን ስህተት በፍጥነት ይሠራልሻል፤ ሌላ ምንም አይጨምርም። ብዙ ጊዜም የሙያውን ቃል ሳይቀር ስለሚቀይር ጽሑፉ ትርጉም ያጣል። ኮምፒውተር ቤት ከፍሎ ማሠራት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እስካሁን ያለሽው ስህተት ውስጥ ነው፤ ያን ካደረግሽ ውሸት ውስጥ ትገቢያለሽ። የሚሸጥልሽ ጽሑፍ ለሌላ ሰው ተሽጦ እንደሆነም አታውቂም። ከኮሚቴ ፊት ቀርበሽ «ይህን ሰሌዳ ለምን መረጥሽ?» ሲሉሽ ምን ትያለሽ?

ቻትጂፒቲን አልጠየቅሽኝም፤ እንደምትሞክሪው ግን አውቃለሁ። ያልገባሽን ነገር እንዲያብራራልሽ መጠየቅ አንድ ነገር ነው። ምዕራፍ ጽፎ እንዲሰጥሽ መጠየቅ ሌላ ነው። ምንጭ ስጠኝ ስትዪው የሌለ ጽሑፍ በእውነተኛ ሰው ስም ፈጥሮ ሊሰጥሽ ይችላል፤ ዓይንሽ ያላየውን ሪፈረንስ በፍጹም አታስገቢ። ዲፓርትመንትሽ የሚፈቅደው እስከ የት እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ደግሞ ረቂቆችሽን ሁሉ ከነቀናቸው አስቀምጪ። እንደ ፈረንጆቹ በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 91 የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶችን ጽሑፍ በኤአይ መጻፉን እንለያለን በሚሉ ፕሮግራሞች ፈትነው ነበር። ሰው የጻፋቸው ድርሰቶች ሆነው ሳለ ፕሮግራሞቹ በአማካይ ከግማሽ በላዩን ማሽን ጻፈው አሉ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው በግፍ ሊጠረጠር ይችላል ማለት ነው። የዚያን ቀን የሚያድንሽ ማስታወሻሽና ረቂቅሽ ነው።

አማካሪሽ ጋ ሂጂ። በዚህ ሳምንት ሂጂ፤ በቆየሽ ቁጥር ዝምታሽ እንደ ማመን ይቆጠራል። የሰሌዳ ፎቶዎችሽንና ማስታወሻሽን ይዘሽ ግቢ። «መምህር፣ ምንጮቹን እየቀያየርኩ ነበር የጻፍኩት፤ ልክ አለመሆኑ አሁን ገብቶኛል። ሁለቱን ምዕራፎች እንደገና ልጽፍ ነው። አንድ ገጽ ብቻ ጽፌ ላሳይዎትና ያርሙኝ» በያቸው። ይህ እውነት ነው፣ ማልቀስም መማልም አያስፈልገውም። አንድ ገጽ ማለትሽ ለእሳቸውም ይቀላል። «ይህ ያንቺ ጽሑፍ አይደለም» ብለው ያሰመሩ ሰው ያንቺን ጽሑፍ ማንበብ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ዝም ብለው ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊልኩት ይችሉ ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ በአማርኛ የተጻፈ ምንጭ። ይቻላል፤ እንዲያውም ስለ ድሬዳዋ ስትጽፊ ያስፈልጋል። ኤፒኤ በሚባለው የምንጭ አጠቃቀስ ሥርዓት የመጽሐፉን አርእስት በላቲን ፊደል ትጽፊና ትርጉሙን በእንግሊዝኛ በማዕዘን ቅንፍ ታስከትያለሽ። የሐበሻ ስም ላይ ተጠንቀቂ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ምሁራን ብዙውን ጊዜ ሰውየውን በራሱ ስም ነው የሚያስቀድሙት። ብዙ የውጭ መጽሔቶች ደግሞ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል። አንድ ሰው በአንድ ዝርዝር ውስጥ በሁለት ስም እንዳይገባብሽ።

ዓመተ ምሕረቱም አለ። ስለ ከተማዋ ታሪክ ስትጽፊ የደቻቱን ጎርፍ ማንሳትሽ አይቀርም፤ ከ200 በላይ ሰው የሞተበትን። በአማርኛ ምንጭ ሐምሌ 1998 ይላል። እንግሊዝኛው ላይ 1998 ብለሽ ከጻፍሽ ስምንት ዓመት ተሳስተሻል፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 2006 ነው። ድርጊቱን በፈረንጆቹ ጻፊው። የመጽሐፉን የኅትመት ዓመት ግን ሽፋኑ ላይ እንዳለው አስቀምጠሽ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ከጎኑ ማመልከት ይቻላል። ዲፓርትመንትሽ የትኛውን እንደሚመርጥ አማካሪሽ ቢሮ ስትገቢ ጠይቂያቸው፤ የመረጡልሽን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያዢ።